አሜን የተባለበት ጭማሪ

ላቀች በዚያ እሑድ ማይኩን ባትቀበል ኖሮ ነገሩ በባልና ሚስት መካከል በቀረ ነበር። ግን ተቀበለች። ችግሩን በአደባባይ ያስጸለየ ሰው የተደረገለትንም በአደባባይ ይናገራል፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ይህ ማንም ያልጻፈው ሕግ ነው። ተነሥታ ማስኳን ወደ አገጯ ዝቅ አደረገችና፣ "ጌታ ባለቤቴን ጎሳዬን ከፍ አደረገው። አራት ዓመት ሙሉ ካርቶን ሲያነሣ ኖሮ አሁን ሊድ፣ የሠራተኞች አለቃ፣ ሊያደርጉት ነው" አለች። ጉባኤው እልል አለ። ኮቪድን ፈርተው ከቤታቸው በላይቭ የሚከታተሉት ደግሞ ከቪዲዮው ሥር "አሜን" ብለው ጻፉ። ሰማንያ ያህል አሜን።

ጎሳዬ ግን ገና አልፈረመም። ካናል ዊንቸስተር ያለው የሚሠራበት መጋዘን እስከ ዓርብ እንዲያስብበት ጊዜ ሰጥቶታል።

ሰኞ ከሰዓት ሁለቱን ልጆቿን ልትወስድ ክሊቭላንድ አቬኑ ወዳለው የልጆች መዋያ፣ ዴይኬሩ፣ ስትሄድ፣ የመዋያው ባለቤት እትዬ ዓለምወርቅ በር ላይ ጠበቋት።

"ምስክርነትሽን አየሁት፤ እሰየው ነው" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለመሆኑ ለካውንቲ ነግራችኋል?"

"ምኑን?"

"ጭማሪውን ነዋ። የነዚህን የሁለቱን የሚከፍልላችሁ ማን ሆነና?"

ገቢያቸው ዝቅተኛ ስለሆነ የዴይኬሩን አብዛኛውን ክፍያ የሚችለው ካውንቲው፣ የአካባቢው መስተዳድር፣ ነው። እርዳታው የገቢ ጣሪያ እንዳለው ላቀች ታውቃለች፤ በየዓመቱ ፎርም ትሞላለች። ነገር ግን ጣሪያው እንደ ሰማይ ሩቅ ይመስላት ነበር። እትዬ ዓለምወርቅ አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ስለኖሩ ልኩን ያውቁታል። ልጆች የሣሉበትን ወረቀት ገልብጠው አሰሉላት። ጭማሪው በወር አራት መቶ ዶላር አይሞላም። ጣሪያውን የሚያልፉት በስልሳ ዶላር ነው። ካለፉ ግን እርዳታው አይቀነስም፣ ይቆማል፤ የሁለቱ ልጆች ሙሉ ክፍያ ደግሞ በወር አሥራ አራት መቶ።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል" አሉ እርሳሱን እያስቀመጡ። "የእናንተ ደግሞ ተሹሞ መራብ ሆነ። የሙሳን ሚስት አላየሻትም? ኢስተን ሆቴል ውስጥ ሱፐርቫይዘር ሊያደርጓት ሲሉ 'እንግሊዝኛ አልችልም' ብላ አመለጠች። እንግሊዝኛዋ እኮ ከእኔና ከአንቺ ይበልጣል።"

ላቀች ሳቀች። ሳቋ መኪናዋ ጋ ሳትደርስ አለቀ።

ልጆቹ ዴይኬር የሚውሉት እሷ ነርሲንግ ስለምትማር ነው። ቅዳሜና እሑድ ማታ ተቀጥራ የሰው እናት ታጥባለች፣ ታለብሳለች፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍል ትገባለች። ኮቪድ አንድ ዓመት በልቶባት አሁን የቀራት ሁለት ሴሚስተር ብቻ ነው። ልጆቹ ቤት ከዋሉ አብራቸው የምትውለው እሷ ናት።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ፣ "አልፈልግም በላቸው" አለችው ጎሳዬን።

"ምን ብዬ?"

"የሙሳ ሚስት ያለችውን።"

"እሷ እኮ አልመሰከረችም፣ ላቄ።"

እሱ ቀጠለ፣ "ያ ሁሉ ሰው አሜን ያለበትን ሄጄ አልፈልግም ልበል? እግዚአብሔርን ማሳፈር አይሆንም?"

"እግዚአብሔር አያፍርም። የምታፍረው አንተ ነህ።"

ሳህኑን አነሣና ማጠብ ጀመረ። ንጹሕ ሳህን ነበር። ላቀች ከኋላው ቆማ፣ "ለካውንቲው ሳንነግር ብንቆይስ? እስክጨርስ ብቻ" አለች ቀስ ብላ።

"እሱንስ አንቺም አልፈለግሽውም" አላት ሳይዞር። እውነቱን ነው። ገና ከአፏ ሳይወጣ አፍራበታለች።

ሐሙስ ምክር ፈልጋ ለጋሼ ሳህሌ ደወለች። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ኮምፒውተር ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ቆይተዋል፣ ቤታቸው ሰፊ ነው፣ ልባቸውም ክፉ አይደለም። እስክትጨርስ ሰሟት።

"ዘንድሮ መንግሥት በየወሩ ለልጆች የሚልከው ገንዘብ ለእኔ ተቀንሶ ነው የመጣው" አሉ። "ገቢዬ ከፍ ያለ ነዋ። አላጉረመረምኩም። ምርኩዝ ለደከመ ነው፤ መሄድ የቻለ ለሌላው ያቀብላል። ይሄ ፍትሕ አይደለም?"

"ፍትሕ ነው ጋሼ" አለች፤ ከልቧ ነው ያለችው። እርዳታውን እሷም ተራ ጠብቃ ነው ያገኘችው፤ ከኋላዋ የሚጠብቁ እናቶች እንዳሉ ታውቃለች። "ግን እርስዎን ሲቆርጡ ጠጉር ነው። እኛን ሲቆርጡ ጣት ነው።"

"እንጸልይበታለን" አሉ ጋሼ ሳህሌ።

ዓርብ ጎሳዬ ፈረመ። ሊዶች የሚለብሱትን ቀይ ሰደርያ ይዞ መጣና፣ የት እንደሚሰቅለው እንደጠፋበት ሰው፣ ወንበር ላይ አጣጥፎ ተወው። በዚያው ምሽት አዲሱን ደሞዝ ለካውንቲው ሞልቶ ላከ። ላቀች ለትምህርት ቤቷ ሦስት መስመር የማቋረጫ ኢሜይል ጻፈች። "በቤተሰብ ምክንያት" የሚለውን ሁለት ጊዜ አጥፍታ መልሳ ጻፈችው፤ ሌላ ቃል አላገኘችለትም።

እሑድ ጋሼ ሳህሌ ማስታወቂያ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። "በመካከላችን አንድ ቤተሰብ በዚህ ሳምንት ከመንግሥት እርዳታ ወጥቶ ራሱን ችሎ ቆሟል። ስም አልጠራም" አሉ።

መጥራትም አላስፈለጋቸውም። አንገት ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። "አሜን!" አለ ጉባኤው። ላቀችም አሜን አለች፤ አፏ ለምዶታል። ጎሳዬ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ እጇ ላከ።

እሷ ግን ጎንበስ ብላ የትንሹ ልጇን የኤልናታንን ጫማ ማሰር ጀመረች። ጫማው ታስሮ ነበር። ፈታችና እንደገና አሰረችው።