የሙከራው ቀን ሩጫ

«ግማሹ ሰው ይበቃናል ማለት ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ እየሳቀ። «እስከ ዛሬ የት ተደብቀሽ ነበር አንቺ?»

የመጋዘኑ ተቆጣጣሪ አብራው ልትስቅ ሞከረች፤ ፊቷ እምቢ አላት። ዕቃው እንደ አዲስ ይደርደር ያለችው ራሷ ናት። ቶሎ ቶሎ የሚወጣው ሳሙናና ዳይፐር ከበሩ አጠገብ፣ በስንት ጊዜ አንዴ የሚጠየቀው ቀለምና ቧንቧ ወደ ውስጥ። ሰው ለአንድ ካርቶን ሳሙና መጋዘኑን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ ማየት አንጀቷን ያቃጥላት ነበር። ትናንት ተሞከረ። እስከ ማታ የሚያለፋው ጭነት ከምሳ በፊት ሲያልቅ፣ ደስታዋን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ነበር።

«ከሰዓት በኋላ ባለቤቶቹ በዓይናቸው ሊያዩ ይመጣሉ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የትናንቱን ትደግሙላቸዋላችሁ። ከዚያ ማን እንደሚቀር አንቺ ትመርጫለሽ። ምክትሌም አንቺ ነሽ፤ ተነጋግረን ጨርሰናል።»

ከቢሮው ወጥታ ደረጃውን ወረደች። የዕቃ ቦታ መቀየር ሥራ ያቀላል፤ ግን በግማሽ? ይህንን ትናንት ብትጠይቅ ምን ነበረበት!

እዚያው መጋዘን የምትሠራው ታናሽ እህቷ ማሸጊያው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ቁርጭምጭሚቷን ታሻለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም።»

«እኔን ነው የምትዋሺው?»

እህቷ ሳቀች። «ሮጠን ነዋ! ጋሼ ትናንት ጠዋት ሰብስበው ‹ልጃችን ዛሬ ማፈር የለባትም› አሉን። ማንም አላረፈም፤ ሽንት ቤት እንኳን በሩጫ ነበር። አንቺ ውጭ መኪና ስታስጭኚ መች አየሽን?»

ጋሼ የሚሏቸው ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት የሚነዱትን ሰው ነው። እሷንም ሥራ ያስለመዷት እሳቸው ናቸው። ልታቅፋቸውም ልትጮህባቸውም አማራት። ለእህቷ ሥራ አስኪያጁ ያለውን ነገረቻት።

የእህቷ ሳቅ ደረቀ። «ግማሾቻችን?» አለች። ቀጥላም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔስ?»

እህቷን ብታስቀር፣ በእሷ ቦታ የምትሄደዋን ሴት ዓይን እንዴት ታያለች? ምክትልነቱን አልፈልግም ብትልም ውሸት ነው። ትፈልገዋለች። ባሏ ሥራ ከፈታ ወዲህ ቤቱ በእሷ ትከሻ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ ሐሳቡ የራሷ ነው፣ ከማንም አልሰረቀችም።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ መጋዘኑን ዞረ። ጋሼ ፎርክሊፍታቸውን አጥፍተው ወደ እሷ መጡ።

«ምን አድርጉ ትይናለሽ?»

«ምን ልበል ጋሼ? ጨነቀኝ።»

«እኔማ ጧሪ ልጅ አለኝ፤ ብሄድም ግድ የለም። ሩጡ ካልሽን ዛሬም እንሮጥልሻለን። አንቺ እንዳትጎጂ።»

«ለገዛ መባረራችሁ?»

«ላንቺ ነው እንጂ!» አሉ፣ ደንግጠው።

እንባዋ መጣ፤ ዋጥ አደረገችው። ቢከፉባት ይሻላት ነበር።

ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ገና ሳይገባ ስልኩን ለፊልም ደቅኗል። ሥራ አስኪያጁ ከጎናቸው ሆኖ ሰዓቱን ያያል። ሠራተኞቹ የእጅ ጋሪያቸውን ይዘው በአንዱ መተላለፊያ አፍ ተሰልፈዋል። ሁሉም የሚያዩት እሷን ነው። እህቷ የጫማዋን ክር እያጠበቀች ነው።

ተቆጣጣሪዋ ከጥግ አንድ ጋሪ ሳበችና ከሰልፉ ፊት ቆመች። የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ተቀብላ መተላለፊያው ውስጥ ገባች። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ አንድ ጋሪ መሃል ለመሃል ከሄደ ሌላው ሊቀድመው አይችልም። መሃል ለመሃል ሄደች፣ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን እርምጃ። ከኋላዋ ጋሪዎቹ ተከተሏት።

ሥራ አስኪያጁ በመደርደሪያዎቹ መካከል አንገቱን አስግጎ፣ «ምን ነካሽ? ፈጠን በይ እንጂ!» አለ በሹክሹክታ።

የጋሪው እጀታ በላብ ያሟልጫል።

«የትናንቱ ሩጫ ነበር ጌታዬ» አለች፣ ባለቤቶቹም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «የሥራችን ፍጥነት ይሄ ነው።»

ካርቶኑን አነሳች፣ ጋሪው ላይ አስተካክላ አስቀመጠችና ወደ ሁለተኛው ሄደች።