ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ዝምተኞች

ማርሊስ ኦስቢ አንዴ ያጸዳችውን ነገር ዞር ብላ የማየት ልማድ የላትም። ሰሜን ሚኒሶታ ባለው የቨርን የንብ ዕቃ መደብር የደንበኞች ዝርዝር በእሷ እጅ ነው፤ ማን ስንት ቀፎ እንዳለው፣ የማን ንብ ክረምቱን እንዳልተሻገረ፣ ማን በየዓመቱ ጓንቱን እንደሚጥል ሳይቀር ጽፋ ይዛለች። ችግሯ ኢሜይሎቿ ነበሩ። ግማሾቹ ስፓም በሚባለው የማይፈለጉ መልእክቶች ሣጥን ውስጥ ገብተው ከሎተሪ አብሳሪዎችና ከፀጉር ማብቀያ ሻጮች ጋር ተደባልቀው ይቀሩ ነበር።

ኢሜይል የሚያደርስላቸው ድርጅት መከራት። ለማይከፍት ሰው ደጋግሞ መላክ የላኪውን ስም ያበላሻል፣ የማይከፍቱትን ከዝርዝሩ ቁረጪ አላት። እሷም ሦስት ዓመት አንድም ያልከፈቱ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች አገኘች። በየካቲት የመጨረሻ ዕድል ብላ፣ «ካላችሁ ይህን ተጫኑ» የሚል ያማረ ሥዕል ላከችላቸው። ማንም አልተጫነውም። ስማቸውን አንድ በአንድ ሳታይ ሁሉንም ቆረጠቻቸው።

ቨርን «ሰው አረም ነው እንዴ፣ ማርሊስ?» ብሎ አጉረመረመ። ግን የቀሩት ኢሜይሎች ቀጥ ብለው ይደርሱ ጀመር፤ እሷም ደረቷን ነፍታ ሰነበተች።

በሚያዝያ፣ የታዘዘውን ንብ የሚያመጣው መኪና ቅዳሜ ይገባልና ኑ ውሰዱ ብላ ለዝርዝሩ ሁሉ ላከች። ቅዳሜ ሰዉ እየተጋፋ መጥቶ ሳጥን ሳጥኑን ወሰደ። እስከ ቀትር ግን አርባ ሳጥን ግድግዳ ሥር እየጮኸ ቀረ፤ ሃርላን ትቬት በጥር ራሱ መጥቶ ያዘዘው ነው። ንቦቹ ሦስት ቀን መንገድ ላይ ነበሩ፣ ስንቃቸውም እያለቀ ነው። ስልክ ደወለች፤ የሚያነሳ የለም። ዝርዝሩ ውስጥ ብትፈልገው ከተቆረጡት መሀል አገኘችው።

ሳጥኖቹን የቨርን መኪና ላይ ጭና ወደ ሃርላን እርሻ በረረች። አንገቷ ሥር ሁለት ንቦች ሲንሸራሸሩ እንኳ ፍጥነቷን አልቀነሰችም።

ሽማግሌው ሃርላንና ባለቤቱ ኢኔዝ መጋዘን ውስጥ ቀፎ ቀለም ሲቀቡ አገኘቻቸው።

«መቼ ትጽፊልናለሽ እያልን ስንጠብቅ» አላት ሃርላን፣ ብሩሹን እንደያዘ።

«እናንተ ኢሜይሌን መቼ ከፍታችሁ ታውቃላችሁ?» አለች ማርሊስ።

ሃርላን በብሩሹ ወደ በሩ ጀርባ ጠቆማት። የሦስት ዓመት ደብዳቤዎቿ አንድም ሳይቀር ታትመው ሚስማር ላይ ተሰክተዋል። ኢንተርኔታቸው ቀርፋፋ ስለሆነ ሥዕል እንዳያመጣ እንደዘጉት፣ ጽሑፉን ግን እያተመች ለሃርላን እንደምትሰጠው ኢኔዝ ነገረቻት። ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ድርጅቱ ኢሜይል መከፈቱን የሚያውቀው ዓይን በማያያት አንዲት ደቃቅ ሥዕል ነው፤ ሥዕል የዘጋ ሰው ቢያነብም እንዳላነበበ ይቆጠራል።

ከሁሉ በላይ የተሰካው የየካቲቱ ወረቀት ነጭ ነበር። ከላይ «ውድ ሃርላን»፣ ከታች «ማርሊስ»፤ ያማረው ሥዕል የነበረበት መሀሉ ባዶ።

«ጀርባውንም ገልብጠን አይተነዋል» አላት ሃርላን።

«መልስ ጽፌልሽ ነበር እኮ» አለች ኢኔዝ።

ማርሊስ ምንም እንዳልደረሳት ተናገረች። ሃርላን ንቦቹን ወደ ቀፎ ማስገባት ጀምሮ ነበር።

ወደ መደብሩ እንደተመለሰች ኮቷን ሳታወልቅ የራሷን ስፓም ከፈተች። ስንት ዓመት አላየችውም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። ከሎተሪ አብሳሪዎቹ መሀል ከየካቲት ጀምሮ የተቀመጡ አርባ አንድ መልሶች አገኘች። የኢኔዝን አነበበች፦ «ማርሊስ፣ ደብዳቤሽ ባዶ ሆኖ መጣ። ቃል ያሳጣሽ ነገር አለ? ሃርላን ተጨንቋል። እሁድ እሁድ ቤት ነን፣ ነይ።» ከዚያ ቀጣዩን አነበበች። ከዚያም ቀጣዩን። አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ቨርን ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

«የቆረጥሻቸው ናቸው? ምን ይላሉ?»

«‹ደህና ነሽ ወይ?› ይላሉ» አለችው፣ ለእያንዳንዳቸው ለመደወል ስልኩን ወደ ራሷ እየሳበች።