የአገርነሽ ማግ

ሰው ሁሉ ስለ አገርነሽ መዋሸት የጀመረው ገና የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ቀብሯ ላይ ቆሞ «ጓድ አገርነሽ ከመሃይምነት ጋር ስትፋለም ወደቀች» አለ። ይሄ እንኳ ይሁን። ልጅቷ ቆላ፣ ጫኖ መንደር ወርዳ ገበሬ ፊደል ስታስቆጥር ወባ ይዟት ነው የሞተችው፤ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም። ሊቀመንበሩ ግን ቀጠለና «ጭምትና ዝምተኛ ነበረች» ብሎ አረፈው። አባቷ ዳልጮ ካቀረቀረበት ቀና ብሎ አየው። ሳቋ ከታች ከሲቀላ ገበያ እስከ ላይ ሼቻ ሰፈር የሚሰማው ልጅ ናት ጭምት? ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ተደብቀው የሚጸልዩት የእምነት ወንድሞቿ ደግሞ «መልአክ ነበረች» አሉት። መልአክ ጸሎት መሐል እንቅልፍ ወስዶት ያንኮራፋል? ዳልጮ አንጀቱ አረረ።

ከሁሉም የባሰችበት ግን የገዛ ሚስቱ ናት። ማሚቱ ለቅሶ የመጣውን ሴት ሁሉ እየያዘች «እጇን ብታዩት! ፈትሏ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነበር» ትላለች።

እንደ ፀጉር። ዳልጮ ከጨንቻ ወርዶ አርባ ምንጭ ከከተመ ጀምሮ ሸማኔ ነው፤ የስንቱን ሴት ፈትል አይቷል፤ እንደ አገርነሽ ያለ የማይረባ ፈትል ግን አላየም። እሷ እንዝርት የምታሾረው ከትምህርት ቤት የተዋሰችውን ልብወለድ ጉልበቷ ሥር ዘርግታ ነው። ታሪኩ የሞቀ ቦታ ሲደርስ ክሩ እንደ ገመድ ይወፍራል፤ የሚያስለቅስ ቦታ ሲደርስ ይሳሳል። ይሄንን ነው አባቷ ማግ ብሎ መወርወሪያ ውስጥ የሚከተው። ሁለት ሦስቴ ሳይወረውር ብጥስ ይላል።

«አገርነሽ!» ብሎ ይጮሃል ሸማ ከሚሠራበት ጉድጓድ ሆኖ።

«እንዝርቱ ነው አባዬ!» ትላለች ከጓዳ።

እንዝርት ቢቀይርላት አዲሱም ጥፋተኛ ሆነ። «ስንት እንዝርት ነው የምገዛልሽ?» ሲላት በሳቅ ትፈርሳለች፤ እሱ ይናደዳል፤ የተበጠሰውን ቋጥሮ ይቀጥላል። ስንት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

አሁን ከልጅቷ የቀረ ነገር ቢኖር አንድ ቅርጫት ልቃቂት ነው። ልብሷን ማሚቱ ለዘመድ አከፋፍላዋለች። ያለቻቸውን አንዲት ፎቶ ቀበሌው ለማስታወቂያ ሰሌዳ ብሎ ወስዷት የውሃ ሽታ ሆናለች፤ ዳልጮ ተመላልሶ ተመላልሶ ታክቶታል። ቅርጫቱን ግን ጫኖ ከመውረዷ በፊት ራሷ ፈትላ ሞልታው ነው የሄደችው። ማሚቱ «በሱ ጋቢ ሥራልኝ፣ ለብሼው ልኑር» ብትለው ለብዙ ጊዜ እጁ እምቢ አለው። የሸማኔዎቹ ማህበር የፋብሪካ ድር ሲያከፋፍል ሲደርሰው ግን ተነሣ።

«እሠራዋለሁ» አላት። «ብቻ ማንም መጥቶ እንደ ፀጉር ነው እንዳይለኝ።»

ማሚቱ እንደ ወትሮዋ ማጉን በሸምበቆ ቀሰም አጠንጥና፣ ቀሰሞቹን አጠገቡ አስቀምጣ ሄደች።

ዳልጮ ለጠብ እንደሚሄድ ሰው ተዘጋጅቶ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀመጠ። ወረወረ። አልተበጠሰም። ደግሞ ወረወረ። መወርወሪያው ይሄዳል ይመለሳል፤ ሸማው ልስልስ ብሎ ይወጣል። እጁ መጀመሪያ ደስ አለው። ከዚያ መወርወሪያውን አቁሞ ክሩን ከቀሰሙ ሳበና በጣቶቹ መሐል አሳለፈው። አንድ ጉብታ የለበትም። ይሄንን የፈተለችው ሴት በዕድሜዋ አንድ ገጽ አላነበበችም።

«ማሚቱ» አለ።

እጇን በቀሚሷ እያበሰች መጣች።

«ይሄ የማን ፈትል ነው?»

«የልጅህ ነዋ።»

«በልጄ ክር ስሰቃይ ኖሬ የልጄን ክር አጣዋለሁ?»

ማሚቱ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። «ሻሺቱ ጋ ለወጥኩት» አለች ቀስ ብላ። ሻሺቱ ሲቀላ ገበያ ክር የምትነግደዋ ናት። «ሰው ጋቢውን አይቶ እንዳይስቅባት ብዬ ነው፤ ሞታም ይሳቅባት?»

«ይሳቅባት! እሷ ራሷ ስትስቅ አልነበር የኖረችው? ሊቀመንበሩ አንድ ልጅ ቀበረ፣ ወንድሞች ሌላ ልጅ ቀበሩ፣ አንቺ ደግሞ ሦስተኛ ልጅ ፈጠርሽ። የኔዋ የት ሄደች?»

መልሷን ሳይጠብቅ ወጣ። በዚያ ሐሩር፣ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ፣ ገበያ ወረደ። የማይረባ ክር ሻሺቱ እየቆረጠች ለኩራዝ ክርነት እንደምትሸጥ ያውቃል። ልጁ በሰው ቤት ሁሉ ጋዝ ጠጥታ ስትነድ ታየችውና ሮጠ። አልደርስም ብሎ ፈራ፤ ጫኖ ታማ ሳለች ሳይደርስላት እንደቀረው።

ሻሺቱ ገና ስታየው ከወንበሯ ሥር ቅርጫቱን እየጎተተች አወጣች።

«ይሄንን ፍለጋ ከሆነ ውሰድና ገላግለኝ» አለች። «ማሚቱ ለቅሶው ላይ እንደ ፀጉር ነው ስትል ሰምቼ፣ ከላይ ከላዩ ብቻ አይቼ ተቀበልኳት። ለኩራዝ እንኳ የሚገዛኝ አጣሁ። ጉብታው በኩራዙ አፍ አያልፍም አሉኝ።»

ዳልጮ ሊያቅፋት ምንም አልቀረውም። «የኔ ልጅ ናታ» አለ፤ ቅርጫቱን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«የኔስ ክር?»

«ማሚቱ ታመጣልሻለች። ዛሬውኑ።»

ቤት ገብቶ ማጉን ራሱ አጠነጠነ። የሠራውን ለስላሳ ሸማ ፈታ። ተቀመጠ፣ ወረወረ፣ ደግሞ ወረወረ። ጉብታው መጣና ብጥስ አለ። ቋጠረው። ትንሽ ሳይቆይ በዚያው አጠገብ ደገመው። ጥርሱን ነክሶ ቋጠረው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲበጠስ ጣቱ በላብ አዳልጦት ጫፉ ጠፋበት፤ ደሙ ፈላ።

«አገርነሽ!» ብሎ ጮኸ።

አፉን ካመለጠው በኋላ ነው ያደረገውን ያወቀው። ከሞተች ወዲህ ስሟን ጠርቶት አያውቅም ነበር፤ መወርወሪያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ብዙ ቆይቶ ከጓዳ የማሚቱ ድምፅ መጣ።

«እንዝርቱ ነው» አለች።