ካሳው የበየደው ራዲያተር

«ደግሞ ፈላች!»

ሾፌሩ በላይነህ ሞተሩን አጥፍቶ ከጋቢናው ዘለለ። ሃምሳ ኩንታል የዘር ገብስ ለእብናት የጫነችው አሮጌ መኪና ከደብረ ታቦር ወጥታ የመጀመሪያዋን ዳገት እንኳ ሳትጨርስ ነው ወደ ጋራዡ የተመለሰችው። ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት ይትጎለጎላል።

«ትርንጎ! የት አለች ትርንጎ?»

የጋራዡ አንጋፋ መካኒክ ካሳው ከመሥሪያ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ሰማ። ሰማና አንጀቱ እርር አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ይቺ መኪና ባስነጠሳት ቁጥር «ካሳው!» ነበር የሚባለው። አሁን ትርንጎ! ባሕር ማዶ ሁለት ዓመት መካኒክነት ተምራ የመጣች፣ ለሱ ልጁ የምትሆን፣ ጋራዡን ከረገጠች መንፈቅ ያልሞላት! ከነገ ወዲያ ደግሞ በሠራተኞች ቀን የዘንድሮው ኮከብ ሠራተኛ እሷ ናት ተብሏል። ያምናው እሱ ነበር፤ ባጁ እስከ ዛሬ ከቱታው ደረት አልወረደም። ታዲያ ሰው እንዴት አይቀና? ቀና እንጂ! ምሳው እስኪያስጠላው ድረስ ቀና።

«ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» አለ በሆዱ። ያንን ተረት ባልተረተ ይሻለው ነበር፤ ተልባ የሚባል ነገር ትዝ እንዳይለው ሲሸሽ ዓመቱ ነው።

አምና በሁዳዴ ይቺው መኪና እብናት መንገድ ላይ ራዲያተሯ ተቀዶ ውሃ አልይዝ አለች። የብየዳ እርሳስ ከግምጃ ቤቱም ከገበያውም የጠፋበት ወቅት ነበር። በላይነህ ውሃ ሊቀዳ ወንዝ ሲወርድ፣ ሊጠግናት የተጠራው ካሳው ከመንገድ ዳር ቤት አንድ ጣሳ ተልባ ለምኖ ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጠው። ተልባው አበጠ፣ ተዝለገለገ፣ ቀዳዳውን ደፈነ። «ከሳጥኔ በተረፈች እርሳስ በየድኩት» አለ። ሰው ሁሉ «እጅህ ይባረክ» አለው፤ መሥሪያ ቤቱም ባጁን ሰካለት። ከዚያ በኋላ እንዴት ብሎ «ተልባ ነው» ይበል? ነገ አጥበዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እበይደዋለሁ ሲል ዓመት ሞላው።

ትርንጎ እጅጌዋን ሰብስባ መጣች። አስቀድማ የማራገቢያውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በጣቷ ተጭና አየች። ቀጥላ የውሃውን መንገድ በሙቀት የሚከፍተውን ተርሞስታት ፈታ፣ በጣሳ ውሃ እያፈላች፣ በስንት ሙቀት እንደሚከፈት በመለኪያ አየች።

«ይኸ ደህና ነው» አለች። «ጋሼ በላይነህ፣ እኛ አገር ከፍታ ላይ ውሃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ በዘጠና አንድ ይፈላል። ቆላ ላይ የማይታወቅ ትንሽ እንከን እዚህ ጉድ ይሠራል።»

«ወይ ጉድ!» በላይነህ ራሱን ነቀነቀ። «ሃያ ዓመት ስነዳ ይኸን የነገረኝ የለም።»

ሰይፍ ቢሰኩበት ካሳውን እንዲህ አያመውም ነበር። የነገረኝ የለም! ያን ሁሉ ዓመት ከሥሯ ተጋድሞ ዘይት የጠጣው ማን ሆነና!

ትርንጎ መዳፏን ራዲያተሩ ላይ ከላይ እስከ ታች አሳረፈች። ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሼ ካሳው፣ ላዩ ያቃጥላል፤ ታቹ ቀዝቃዛ ነው። ውሃው አይወርድም ማለት ነው። ውስጡ ሳይደፈን አይቀርም። ልፍታው?»

«እሱን የበየድኩት እኔ ነኝ!» ድምፁ ራሱን አስደነገጠው። «የኔን ብየዳ ልትፈትሺ ነው? ደህና ነው እያልኩሽ!»

«ኧረ በሥላሴ! ምን በወጣኝ፣ ጋሼ። እርስዎ ደህና ነው ካሉ ደህና ነው።»

እጇን አነሳች። ቺንጋውን አጠበቀች፣ ውሃ ሞላች፣ መኪናዋም ወጣች። ካሳው በአንገቱ ማተብ ላይ ያሰራትን የብየዳ ሳጥኑን ቁልፍ እያሻሸ ቀረ። ያንን ሳጥን ሰው አይነካውም፤ የገዛ ወንድሙ ለምኖት ከልክሎታል።

ሰዓት ሳይሞላ መኪናዋ ተመለሰች፤ ይብሱን እየተንፈቀፈቀች። ከጋቢናዋ ከበላይነህ ጋር የወረደው ጓድ ፈንታሁን ነበር፣ የአውራጃው ካድሬ።

«ገበሬው ባምናው ድርቅ ዘሩን በልቶ ጨርሷል» አለ እየጮኸ። «ዝናቡ ደርሷል! መሬቱ ጦሙን ሊያድር ነው! ይኸ ብልሽት አይደለም፣ አሻጥር ነው። ማን ነው የሠራት?»

«እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ።

«ራዲያተሩን አይተሽዋል?»

ካሳው ቁልፉን በመዳፉ ጨበጠ።

«ራዲያተሩ የጋሼ ካሳው ሥራ ነው፤ የሳቸው እጅ አይታማም። እንከኑ እኔ ያላየሁት ሌላ ቦታ ይሆናል።»

ጓድ ፈንታሁን ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። «ሙሉ ስምሽን!»

በዚያ ደብተር ስሙ ሰፍሮ በማግስቱ ሥራ የገባ ሰው ጥቂት ነው። የካሳው ምኞት ሞላለት፤ በሰው ፊት ተዋርዳለች። ምኞቱ ግን ትዋረድ ነበር እንጂ ትታሰር አልነበረም። ደግሞስ የገዛ ገመናውን በንጹሕ ልቧ ስትሸፍንለት!

መፍቻ አንሥቶ መኪናዋ ሥር ገባ። የራዲያተሩን የታችኛውን ቱቦ ሲነቅለው ውሃ አልወጣም። ቡናማ ዝልግልግ ነገር ተጎትቶ እጁ ላይ ወረደ።

በላይነህ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው። «ተልባ! ምነው ሸዋ፣ ተልባ እኮ ነው!»

«የኔ ነው» አለ ካሳው እየተነሣ። «አምና አልበየድኩትም። እሷ ቅድም ልፍታው ብላኝ ነበር፤ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ይጻፉ ጓድ፤ ካሳው ብለው ይጻፉ።»

«ለምን ከለከልካት?»

«ቀንቼ። ሌላ ስም ካለው እርስዎ ያውጡለት።»

ጓድ ፈንታሁን የሱን ስም ጻፈና በእጁ ወደ በሩ ጠቆመው። ካሳው አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ። ቁልፉን ከማተቡ ፈታ፤ ክሩ ጠብቆ ስለነበር በጥርሱ ነበር የፈታው።

«እንቺ። እርሳሱም መበየጃውም ሳጥኑ ውስጥ አለ። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ እጠቢው፣ ቱቦዎቹን አንድ ባንድ በሽቦ ጎርጉሪ፣ ከዚያ በይጅው። ነገ ዘሩ እብናት ይግባ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲመለሱ ይሻል...»

«ያዢ ስልሽ!»

ያዘች። ካሳው ከካድሬው ኋላ ኋላ ከበሩ ሊወጣ ሲል በላይነህ ከጀርባው ተጣራ፤ «ትርንጎ! የቱን ላቀብልሽ?» አንጀቱ እንደገና እርር አለ። ከሷ ይልቅ እሱ ቢበይደው ያምር ነበር ብሎ አሁንም ያምናል። ባጁን ከደረቱ ነቀለና ኪሱ ከተተው፤ ቁልፉን ግን መልሺ አላለም።