አንደኛ የወጣው ውሃ

የውሃ መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ጠብታ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት «ለመበከል አንዲት ጠብታ ትበቃለች፣ እጃችሁን ታጠቡ» እያለች ላብራቶሪ የገባውን ሁሉ ስለምታሰለች ነው። ጠልታው አታውቅም፤ እንዲያውም በስልክ ራሷን ስታስተዋውቅ አንዳንዴ ያመልጣታል።

በዚያ ሰሞን የያዘችው ሥራ ሰው በየቤቱ የመጠጥ ውሃ የሚያክምባቸውን ዘዴዎች ማወዳደር ነበር። አርባ ቤት ተመረጠ። አሥሩ ውሃውን ያፈላል፣ አሥሩ ክሎሪን ይጨምርበታል፣ አሥሩ በሸክላ ማጣሪያ ያጣራል፣ የቀረው በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ያስመታል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ሰው ቤት ሲገቡ ሌላ ነው። ክሎሪን የተሰጣቸው «መድኃኒት መድኃኒት ይለናል» ብለው ግማሹን ልብስ አነጡበት፣ አንዲት ባልቴት ማጣሪያውን በሳሙና ፈትገው ቤተሰቡን አረፋ ሲያጠጡ ከረሙ፣ ጣሪያ ላይ በተደረደረው ጠርሙስ ደግሞ ደመናው ሳምንት ሙሉ ቀለደበት። ያፈሉት አሸነፉ። ከእነሱ ቤት የመጣው ውሃ በመመርመሪያው ሳህን ላይ አንድም የጀርም ነጥብ አላበቀለም። በዚህ መሥሪያ ቤት ዜሮ ያመጣ ነው አንደኛ የሚወጣው።

ካፈሉት አሥር ቤቶች አንዱ የታናሽ እህቷ ነበር። እውነቱን ለመናገር ዕጣ አልደረሳትም፤ ጠብታ ናት በጎን ያስገባቻት። እህቷ ስንት ዓመት ጠብቃ ሴት ልጅ ወልዳለች። ጡቷ እምቢ ስላላት የምታሳድጋት በዱቄት ወተት ነው፤ ዱቄቱን የምትበጠብጠውም ግቢያቸው ካለው ጉድጓድ በሚቀዳ ውሃ። ልጅቷን ሚጢጢ ይሏታል። ገና ስድስት ሳምንቷ ነው።

«ውሃ ይታከማል ስትይ፣ ታሞ ነበር እንዴ?» ብላ ነበር እህቷ የመጀመሪያ ቀን።

«ታሟል። አንቺ ብቻ አፍዪው። በቆየ ቁጥር ይሻላል» አለቻት ጠብታ።

እህቷ ደግሞ የታላቋን ቃል መሬት አትጥልም። ሌላው አምስት ደቂቃ ቢያፈላ እሷ ግማሽ ሰዓት ታፈላለች። የተረፈውን አትደፋም፤ ጠዋት መልሳ ትጥደዋለች። ማንቆርቆሪያው እየጎደለ፣ እየጎደለ ሄዶ ከሥር የቀረውን ሚጢጢ ትጠጣዋለች።

ማክሰኞ ከቀትር በፊት የእህቷ ባል ደወለ። «ልጅቷ ከንፈሯ ጠቆረብን። ጤና ጣቢያ ነን፣ ነይ።»

ጠብታ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ በረረች። ሕፃኗ አልጋው ላይ ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ ጥፍሮቿ አመድ መስለዋል። ኦክስጅን ተሰክቶላታል፣ መልኳ ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ ደም ቀድቶ መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ደሙ ቀይ አልነበረም፤ ቡናማ ነበር።

«ምን ውሃ ነው የምትሰጧት?» አለ ሐኪሙ።

«የፈላ ነው። እትዬ መርምራዋለች» አለች እናትየዋ።

ጠብታ የምርመራ ቅጹ ትዝ አላት። በመሥሪያ ቤቷ ቅጽ ላይ ናይትሬት የሚል ዓምድ አለ። ናይትሬት ከማዳበሪያና ከከብት በረት እየሰረገ ጉድጓድ ይገባል፤ አዋቂን እምብዛም አይነካም፣ የጨቅላን ደም ግን አየር እንዳይሸከም ያደርገዋል። ሕይወት ያለው ነገር አይደለምና አፍልተው አይገድሉትም። ውሃው ይተናል፣ እሱ ይቀራል፣ በተፈላ ቁጥር እየበረታ ይሄዳል። መለኪያው ኬሚካል ካለቀ ስድስት ወር ሆኖታል፤ ስለዚህ በዓምዱ ሰረዝ ይሰመርበታል። ሰረዝ ማለት «አልተለካም» ማለት ነው። እሷ ግን ስድስት ወር ሙሉ ሰረዝ ስታሰምር ከርማ ዓይኗ «የለም» ብሎ ማንበብ ለምዷል። የእህቷ ጉድጓድ ከሰፈሩ ከብት ማድለቢያ በታች መሆኑን ታውቅ ነበር። ናሙና ልትቀዳ በሄደች ቁጥር ሽታው አፍንጫዋን ሲሰነፍጣት በጋውኗ እጅጌ ሸፍና ትቀዳ ነበር።

ሐኪሙ የሚያድናት መድኃኒት ያለው ትልቁ ሆስፒታል መሆኑን ነገራቸው፣ አምቡላንስም ጠራ። ሃምሳ ደቂቃ ጠበቁ። አምቡላንሱ ግቢው ሲደርስ ሚጢጢ ሞታለች።

እህቷ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጣ አላለቀሰችም። ባሏ ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅሳል። እሷ የጠብታን እጅ ይዛ ጥፍሮቿን ታያለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ደብቄሻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሐሙስ ዕለት ጋዝ አለቀብኝ። ውሃው ገና ሲንተከተክ አወረድኩት። እሱን ሰጠኋት። እሱ ነው አይደል?»

ሚጢጢ በሳምንቱ ከጠጣችው ሁሉ የሚሻለው የሐሙሱ ውሃ ነበር። ጠብታ ይህን ልትናገር አፏን ከፈተች። ሐሙስን ነፃ ለማውጣት የቀሩትን ቀናት መክሰስ ሊኖርባት ነው፤ ያን ሁሉ ግማሽ ሰዓት፣ ጠዋት ጠዋት መልሶ መጣዱን፣ የእህቷን እጅ። «ጥፋቱ የኔ ነው» ብትል ደግሞ «እንዴት?» ትባላለች። እንዴቱን ከተናገረች እህቷ ዕድሜ ልኳን ማንቆርቆሪያ አትጥድም። ራሷን ጠላች፣ ዝም ማለትም አልቻለችም።

«አይደለም» አለቻት።

«በደንብ አላፈላሁትም እኮ።»

«አፍልተሽዋል። ከሁሉም ሰው በላይ አፍልተሽዋል።»

እህቷ ቀና ብላ አየቻት። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

«እግዜር ይስጥሽ፣ እትዬ» አለችና ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣለች።