ላሟ ያለችበት ስንኝ

ኤልናታን ከጽሑፍ ላይ ቃል ሲያነሳ ከምስር ጠጠር የሚለቅም ይመስላል፤ አይቸኩልም፣ አያዝንምም። ክልሉ የተመሠረተበትን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ጋምቤላ ሽር ጉድ ስትል፣ እሱ የሚሠራበት የባህል ቢሮ በኢንተርኔት የሚነበብ ገጽ ሊከፍት አሰበ፤ ቀድሞ የሚወጣውም የዘፋኟ የኛሩአች የሕይወት ታሪክ እንዲሆን ተወሰነ። ኢንተርኔቱ ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ ጽሑፉ በዲስኬት ተገልብጦ ለከሰዓቱ አውሮፕላን መድረስ ነበረበት።

የሥራ ባልደረባው ዱዎት ዘፋኟን በኑዌርኛ አነጋግሮ፣ ዘፈኖቿንም ወደ አማርኛ መልሶ ዳጎስ ያለ ጽሑፍ አምጥቶለታል። ኤልናታን «ዝነኛዋ»ን አወጣ፣ «ወደር የለሽ»ን አወጣ፣ «እንደ ባሮ የማይነጥፈው ድምጿ» የሚለውን ደግሞ እየሳሳለት አወጣ። «ታሪክ ነው የምንጽፈው እንጂ የሠርግ ግጥም አይደለም» ሲል፣ ዱዎት «እሺ፣ መላጩ» እያለ ይስቅበታል።

ረፋዱ ላይ ኛሩአች ከኢታንግ መጣች። ረጅም ናት፤ በቢሮው በር ጎንበስ ብላ ገባችና ማራገቢያው ፊት ያለውን ወንበር ማንም ተቀመጪ ሳይላት ያዘች። ዱዎት ጽሑፉን እያነበበ በኑዌርኛ ይፈታላት ጀመር። የተወለደችበት መንደር ላይ ራሷን ነቀነቀች። የዘፈነችባቸው ሠርጎች ላይም ነቀነቀች። «‹ጎርፉ ሲሸሽ› የተሰኘውን ዘፈን የደረሰችው እሷ እንደሆነች ይባላል» ሲል ግን እጇን አነሳች።

«ማነው የሚለው?» አለች በአማርኛ።

«ሰዎች ናቸው፣ እማማ» አለ ኤልናታን።

«የትኛው ሰዎች? ጥራ፣ ይምጣ። እኔ አወራዋለሁ።»

ዱዎት ሳቁን ዋጠ። ኤልናታን ግን አልሳቀም። ዘፈኑን አንድ የአዲስ አበባ ዘፋኝ በካሴት አውጥቶታል፤ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል ነው። «እኔ እርስዎን አምናለሁ» አላት። «ገጹን የሚያነበው ሰው ግን አያውቅዎትም። ካሴቱ ሌላ፣ እኛ ሌላ ስንል በምን ያምነናል? ማስረጃ እስካገኝ ብዬ ነው ‹ይባላል› ያልኩት።»

ኛሩአች በኑዌርኛ ብዙ ተናገረች። ዱዎት አሳጥሮ መለሰው፦ «የወሬ ሰው አይደለሁም ነው የምትለው። ወይ ዘፈኑን እሷ ሠራችው ብለህ ጻፍ፣ ወይ ስሜን ከነሥሩ ንቀለው።»

ኤልናታን ሰዓቱን አየ። ያለ እሷ ገጹ ባዶ ሊቀር ነው፤ እሷም ያለ ዘፈኗ ልትቀር ነው። «እስቲ ዘፈኑን እንደገና እንየው» አለ።

ዱዎት በጽሑፉ ውስጥ የሰፈሩትን ስንኞች አነበበላት፤ ጎርፉን፣ የተወሰደውን ጎጆ፣ ውሃው ሲሸሽ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ የቀረችውን ታንኳ። ሲጨርስ ኛሩአች የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ዞር ዞር አለች።

«ላሜስ?»

ዱዎት አፉን በእጁ ያዘ።

«የምን ላም?» አለ ኤልናታን።

«ያወጣሃት ላም!» አለ ዱዎት ብድግ ብሎ። «‹እኔ አንገቷ ነጭ፣ እኔ ጎኗ ጥቁር› የሚል ስንኝ ነበረ። ስለ ጎርፍ በሚያወራ ዘፈን መሃል ላም ምን ትሠራለች ብለህ በቀይ ሰረዝካት!»

«አንተስ ምነው ዝም አልክ?»

«ለማሳጠር መስሎኝ ነዋ! እኛ ጋ ሴት ልጅ በምታልባት ላም ስም ትጠራለች፤ ጭፈራ ላይ የሚጠሯት በዚያ ነው። ዘፈን ስትሠራም ስሟን መሃል ላይ ታስገባዋለች። ፊርማ እኮ ነው! ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ በምን ላስብ?»

የኤልናታን ጆሮ ጋለ። ወዲያው ግን አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለትና ከወንበሩ ተስፈነጠረ። «ካሴቱ ላይስ አለች?»

ተያይዘው ወደ ገበያ ወጡ። ኢድሪስ ጥግ ላይ ባለች ሱቁ ካሴት፣ ባትሪና ነጠላ ጫማ ይሸጣል። ኤልናታን እያለከለከ «‹ጎርፉ ሲሸሽ›ን ክፈትልን» ሲለው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሮጥ ለማየት በቃሁ» አለና ካሴቱን ከተተ።

አዲስ አበቤው ዘፋኝ የሚዘፍነው የኑዌርኛ ቃል ባይገባውም ድምፁ ያምራል። ጎርፉ አለፈ። ጎጆው አለፈ። ታንኳዋም አለፈች። ኤልናታን የዱዎትን ፊት ፊቱን ያያል። ድንገት ኛሩአች ከቴፑ እኩል አቀነቀነች፤ ዱዎትም ባንኮኒውን በጡጫ ነረተው።

«አለች! አንገቷ ነጭ፣ ጎኗ ጥቁር! ምንም ሳያጎድል ወስዷታል!»

ኢድሪስ ነገሩ ሲነገረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ምን ዓይነቱ ነው! የሰው ላም ሲነዳ ቃጭሏን እንኳ አይፈታም?»

ኤልናታን ብቻ ጣቱን አነሳ። «ቆይ፣ ቆይ። እንዲህ ያለ ላም የምታልብ ሌላ ሴት ብትኖርስ?»

«ኧረ ይሄ ሰውዬ!» አለ ዱዎት።

ከሱቁ ፊት ለፊት ማንጎው ጥላ ሥር የኑዌር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያወጋሉ። ኤልናታን ኛሩአችን ከሱቁ በር መጋረጃ ጀርባ እንድትቆይ ለመናት። ኢድሪስ ድምፁን ለቀቀና ስንኟን አስደገመ፤ ዱዎትም ወጥቶ «አባቶች፣ ይህች ላም የማን ናት?» ብቻ ብሎ ጠየቃቸው።

ኪየር የሚባሉት ሽማግሌ ለማሰብ እንኳ አልቆዩም። ዱዎት መልሳቸውን እየሳቀ ወደ ሱቁ ጮኾ ተረጎመው። «የኢታንጓ ኛሩአች ናታ! በወጣትነቴ ስንቱን ጭፈራ ተከትያት ዞሬያለሁ! ነፍሷን ይማር!»

«አልሞትኩም!» ብላ ኛሩአች መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ማንጎው ሥር የተነሳው ሁካታ ባሮ ድልድይ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

ቢሮ እንደተመለሱ ኤልናታን ላሟን ወደ ቦታዋ መለሳት። ስንኟ የደራሲዋ መጠሪያ መሆኗን፣ ካሴቱ ላይም እንደምትሰማ ከሥር ጻፈ። ከዚያ «ይባላል»ን አጠፋው። ዱዎት አነበበ፦ «‹ጎርፉ ሲሸሽ›ን የደረሰችው ኛሩአች ናት።»

«ድገም» አለች። ደገመላት።

«አሁን ማነው የሚለው?»

«ማንም አይልም፣ እማማ» አለ ኤልናታን። «ነው።»

ዱዎት ሞተሩን ሊያስነሳ ወጣ። ኤልናታን ዲስኬቱን ሊያወጣ ሲል ኛሩአች ክንዱን ያዘች። «ዱዎት ነገረኝ። ድምፅሽ ባሮ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። እሱንም መልስ።»

«ለእሱ እንኳ ማስረጃ የለኝም፣ እማማ።»

ኛሩአች ወንበሩን ገፍታ ተነሳች፤ ጉሮሮዋንም ጠረገች።