ለአራት ሲካፈል

መሪጌታ ገብረየሱስ የገብስ ነዶ እየከመሩ ነበርና መምህሩ ምስክር ንግግሩን ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ዋጠው። ከጓሳ በኩል የሚመጣው ነፋስ የጆሮን ጫፍ ይቆነጥጣል።

ምስክር በስታቲስቲክስ የተመረቀ ነው። መንግሥት ለዕውቀቱ የሚመጥን ቦታ ሲፈልግለት ከርሞ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ የሚገኝ የጎልማሶች ትምህርት ጣቢያ አገኘለት። ጣቢያው አንድ ክፍል፣ አንድ ሰሌዳና አምስት ተማሪዎች አሉት። የተማሪዎቹ አማካይ ውጤት ከሃምሳ ካነሰ ይዘጋል፤ ምስክርም እንጀራውን ሌላ አገር ይፈልጋል። አራቱ ሴቶች ትናንት ተፈትነው በድምሩ ሁለት መቶ አርባ አምጥተዋል። መሪጌታ ፍታት ላይ ስለዋሉ ለዛሬ ተላለፉ። በመደመርና በመቀነስ ከመምህሩ ቀድመው ይጨርሱ የነበሩት ሽማግሌ፣ አማካይ የሚባለው ትምህርት ላይ ሲደርሱ ምን እንደነካቸው አይታወቅም፤ በመለማመጃው ፈተና ያመጡት ዜሮ ነው። ምስክር ይህን ዜሮ ከሁለት መቶ አርባው ጋር እየደመረ ለአምስት ቢያካፍለው፣ ቢያካፍለው፣ አርባ ስምንት ከመሆን ንቅንቅ አላለም።

«መሪጌታ፣ ዛሬስ ቢያርፉ?» አለ በመጨረሻ።

«ከምኑ?»

«ከፈተናው። ያልተፈተነ ሰው ከቁጥር አይገባም። በአራቱ ብቻ ይሰላል።»

መሪጌታ ነዶውን አስቀመጡ። አልተቆጡም፤ ምስክር ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«አጉዳዩ እኔ ነኝ በለኛ፣ የኔታ» አሉት። አገሩ ሁሉ የኔታ የሚለው እሳቸውን ነው፤ ምስክርን እንዲህ የሚሉት ሊያሾፉበት ሲፈልጉ ነው። «ሴቶቹ ስንት አመጡ?»

«ሁለት መቶ አርባ።»

«ለአራት።» ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ገለጡ። «ዮሐንስ።»

«ምን አሉኝ?»

«ዮሐንስ ነዋ። አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ዘመን በምን የሚወጣ መሰለህ? ይህን ሳታውቅ ነው ሒሳብ የምታስተምረን?»

ምስክር አጥሩን ተደገፈ። የመለማመጃው ወረቀት ዓይኑ ላይ መጣበት። የፈተናው አዘጋጅ አራት የሚወድ ሰው ነው፤ የአራት በጎች አማካይ ክብደት፣ የአራት ቀን አማካይ ዝናብ፣ የአራት ማሳ አማካይ ምርት። በእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ባማረ ቁም ጽሕፈት «ዮሐንስ» የሚል ሰፍሮ ነበር። ምስክር ጸሎት መስሎት ዐሥሩንም በቀይ ኤክስ አድርጎባቸዋል። የፈተና በጎች ደግሞ ምንጊዜም ያለ ትርፍ ነው የሚካፈሉት።

«ለእያንዳንዳቸው የደረሰውስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ስልሳ። እሱማ የሚጣለው ነው።»

«መሪጌታ፣ ፈተናው የሚጠይቀው የሚጣለውን ነው።»

ሽማግሌው በመንሽ እንጨታቸው ተደገፉ።

«ስልሳ ዓመት ሙሉ የጣልኩትን ዛሬ በጠዋት አንሣ ትለኛለህ?»

«ወይም ይቅሩ» አለ ምስክር፣ መሬት መሬት እያየ።

«አልቀርም» አሉና ጋቢያቸውን ሊያመጡ ገቡ።

ፈታኟ ሸዋረግ ሥራዋን እዚያው የምታጠናቅቅ ሴት ናት። መሪጌታ ወረቀታቸውን እንዳስረከቡ ለማረም ተቀመጠች፤ ገና መጀመሪያው ጥያቄ ላይ እጇ ቆመ። ሁለተኛውን አየች። ገጹን ገለበጠች።

«እዚህ ሁሉም ጋ ሁለት ሁለት መልስ ነው ያለው» አለች።

ምስክር ከሰሌዳው አጠገብ ሆኖ አንገቱን አሰገገ። ከላይ ሃያ ሦስት፣ ከሥሩ ዮሐንስ። ከላይ ዐሥራ ስምንት፣ ከሥሩ ዮሐንስ። እስከ ዐሥረኛው ድረስ እንዲሁ ይወርዳል።

«ከላይ ያለው የመንግሥት ነው» አሉ መሪጌታ። «ከታች ያለው የኔ።»

ሸዋረግ ልትስቅ ብላ ከንፈሯን ነከሰች። «መመሪያው ሁለት መልስ ዋጋ የለውም ይላል፣ አባ። እኔ ደግሞ መምረጥ አልችልም። አንዱን እርስዎ ይሰርዙልኝ።» እስክሪብቶዋን አቀበለቻቸው።

መሪጌታ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ስሙን ሲያነሡ ቆመው የሚያነሡትን ወንጌላዊ፣ በሰማያዊ ቀለም ሰርዝ ያላቸው ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም።

«ስንት ይበቃል?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ዐሥር ነጥብ ነው የጎደለን» አለ ምስክር። «አንድ ጥያቄ ዐሥር ይይዛል፤ አንድ ይበቃል።»

ውጤቱን ሊሰሙ ደጅ የተቀመጡት አራቱ ሴቶች ወሬያቸውን አቁመዋል። እስክሪብቶው ከመጀመሪያው ዮሐንስ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ወረደ፤ ከሁሉ የሚቀለውን የሚፈልግ ይመስል ነበር። ምስክር ማየት አልሆነለትም፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የጭረቷን ድምፅ ሰማ። አጭር ናት። ከላይ ትሁን ከታች አላወቀም፤ ለጊዜው ዞሮ አላየም።